ግድግዳው ሲያለቅስ ዝም አትበሉ!

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር ማውጋት እንደለመድን አውቃለሁ። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ግድግዳ ነው። «ደግሞ ግድግዳ ምን ይወራለታል?» የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ የራሳችሁ ቤት አላችሁ፣ ወይ ደግሞ በክረምት አልጋችሁን ፈቀቅ አድርጋችሁ ከኋላው ያለውን አይታችሁ አታውቁም። እኔ አይቻለሁ። አይቼም ቀለም ቀብቼ ዝም ብያለሁ። ያ ዝምታ ምን እንዳስከፈለኝ ነው የምነግራችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሃያዎቹን ልጨርስ ጥቂት የቀረኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በብዕሬ እንጀራ የምበላ ሴተ ላጤ ነኝ። የምኖረው ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. አንድ ደላላ እዚሁ አዲስ አበባ ወደ አንድ ግቢ ወሰደኝና ሰርቪስ ቤት አሳየኝ። አንዲት ክፍል ከትንሽ ማብሰያ ጋር ነች። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ።

ቀለሙ አዲስ ነበር፤ ሽታው እንኳን ገና አልለቀቀም። «አየሽ፣ ለአንቺ ተብሎ የታደሰ ነው የሚመስለው!» አለኝ ደላላው። ደስ አለኝ። አንድ ነገር ግን ልብ ሳልል ቀረሁ። አዲስ ቀለም የተቀባው አንደኛው ግድግዳ ብቻ ነበር። ሦስቱ እንዳረጁ ናቸው። በበጋ ቤት ስትከራዩ አንዱ ግድግዳ ብቻ ተኳኩሎ ከጠበቃችሁ... ጠርጥሩ! ከገንፎም ውስጥ ስንጥር ይገኛል።

አከራዬ እትዬ (ስማቸው ይቆየን) ክፉ ሰው አይደሉም። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ የሚተዳደሩት በጡረታና በእኛ ኪራይ ነው። ቡና ሲያፈሉ በረካውን ሳልጠጣ አይለቁኝም። እህቴን «ልጄ» ነው የሚሏት። ችግሩም እዚህ ላይ ነው ያለው። ክፉ አከራይን መጣላት ይቀላል። ደግ አከራይን ግን ምን ይሏል?

«ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል»

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። መጀመሪያ ግድግዳው እግር ሥር ቡና የፈሰሰበት የመሰለ ነጠብጣብ ታየ። ሐምሌ ላይ ነጠብጣቡ ወደ ላይ ወጣ፤ አዲሱ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መነሳት ጀመረ። ነሐሴ ላይ ቁም ሣጥኑን ሳንቀሳቅሰው... ጉድ በሉ! ከኋላው ግድግዳው በጥቁር ነጠብጣብ ተወርሯል። የበዓል ጫማዬ አረንጓዴ አብቅሏል። ልብሳችን ሁሉ የከረመ እንጀራ ይሸታል።

በማግሥቱ ቡና ላይ ለእትዬ ነገርኳቸው። «ውይ ልጄ፣ የክረምት ነገር ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል። ካልሆነም ትንሽ ቀለም ቀቢው» አሉኝ። እውነትም መስከረም ሲጠባ ደረቀ። እኔም በገንዘቤ ቀለም ገዝቼ፣ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተለቃልቄ ቀባሁት። አንደኛው ግድግዳ ብቻ አዲስ ሆነ። ልብ በሉልኝ! ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይም ያንኑ ሳያደርግ አልቀረም። እርሱ በቀባው ቀለም እኔ ተታለልኩ፤ እኔ በቀባሁት ደግሞ ቀጣዩ ሊታለል ነው።

በ2017 ክረምት ግን ነገሩ ከቀለም አለፈ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በፉጨት ድምፅ ነቃሁ። ፉጨቱ ከእህቴ ደረት ነው የሚወጣው። ቬንቶሊኗን ብትስብ ብትስብ አልሆነም። ከንፈሯ ጠቆረ። በዚያ ዝናብ ታክሲ ፍለጋ በባዶ እግሬ ነው የወጣሁት። ሐኪም ቤት ደርሰን ኦክስጅን ተደረገላትና ሊነጋ ሲል ትንፋሿ ተመለሰ።

ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው። «ቤታችሁ ርጥበት ወይም ሻጋታ አለው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ነበረው፤ ግን ቀለም ቀብተነዋል!» ቀና ብሎ አየኝና «እህቴ፣ ስለ ቀለሙ ማን ጠየቀሽ?» አለኝ። ያን ቀን ያፈርኩትን ማፈር...

ይህ የሐኪሙ የግል አስተያየት እንዳይመስላችሁ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ ርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ ርጥብና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመምና ለአስም መባባስ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጿል። በተለይ ሕፃናት፣ አረጋውያንና እንደ እህቴ ያሉ አስም ያለባቸው ሰዎች ይጎዳሉ።

ከዚህም የከፋ አለ። እንግሊዝ አገር፣ ሮችዴል በምትባል ከተማ፣ አንድ አባት ቤቱ እንደሻገተ ለአከራዩ ድርጅት ቢያመለክት «ቀለም ቀባው» ተባለ። የ2 ዓመት ልጁ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ሞተ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የአሟሟቱን ምክንያት የመረመሩት ባለሥልጣን ሕፃኑ የሞተው ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ በመጋለጡ በደረሰበት የመተንፈሻ ሕመም መሆኑን ወሰኑ። አገር ተቆጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 አከራይ ድርጅቶች ርጥበትና ሻጋታን በተቆረጠ የጊዜ ገደብ ውስጥ እንዲጠግኑ የሚያስገድድ ድንጋጌ ወጣ፤ በሕፃኑም ስም ይጠራል። እዚያም የተባለው «ቀለም ቀባው» ነበር፤ እኔም የተባልኩት እርሱኑ ነው።

ውኃው ከየት ነው የሚመጣው?

ከሐኪም ቤት በተመለስን በሦስተኛው ቀን፣ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት ግንበኛ ለመጠየቅ መጡ። ግድግዳውን በጣታቸው ቆረቆሩና «ከውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ? ዝናብ ሲዘንብ ውጭ ወጥተሽ እይ» አሉኝ። ወጣሁ። ጃንጥላ ይዤ ከቤቱ ኋላ ቆምኩ። ለካ የጣሪያው አሸንዳ ተገንጥሏል! የጣሪያው ውኃ በሙሉ ግድግዳው እግር ሥር ነው የሚወርደው። እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ አፈር ተቆልሎ ከልስኑ በላይ ደርሷል። ሁለት ክረምት ሙሉ የታመመው ግድግዳው መስሎኝ ነበር፤ የታመመውስ አሸንዳው ኖሯል።

ጋሼ ያስተማሩኝን ላካፍላችሁ። ርጥበት በሦስት መንገድ ነው የሚመጣው።

አንደኛው ከላይ ነው። የተቀደደ ቆርቆሮ፣ የላላ ሚስማር፣ የተሰበረ አሸንዳ። ምልክቱ በኮርኒሱና በግድግዳው አናት ላይ ይታያል፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥርም ይብሳል። የእኔ ግን አሸንዳው ውኃውን መሬት ላይ ስለሚያፈሰው ከታች ነው የታየው።

ሁለተኛው ከታች ነው። ቤቱ በቂ የድንጋይ መሠረት ከሌለው፣ ወይም አፈርና ቦይ ግድግዳውን ከነካው፣ ግድግዳው ውኃ ወደ ላይ ይስባል። ምልክቱ ከወለሉ ተነስቶ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ልስኑም ይፈረፈራል።

ሦስተኛው ከውስጥ ነው። ይኼኛው የእኛው የተከራዮች ነው፤ እውነቱን እንነጋገር። በአንዲት ክፍል ውስጥ ወጥ እየሠራን፣ ውኃ እያፈላን፣ ልብስ አጥበን እያሰጣን፣ ብርድ ፈርተን መስኮት እንዘጋለን። እንፋሎቱ የት ይሂድ? ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያርፍና ውኃ ይሆናል። ከቁም ሣጥን ኋላና ከጥግ ጥጉ ይጀምራል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። የተጠረጠረውን ቦታ አድርቃችሁ አንድ ቁራጭ ፌስታል ግድግዳው ላይ ለጥፉ፤ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉት። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እዩት። ውኃው ወደ ክፍሉ በሚያየው በኩል ከታየ የእንፋሎት ነው፤ መስኮት ክፈቱ፣ ዕቃችሁን ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቁ። ወደ ግድግዳው ባለው በኩል ከታየ ግን ግድግዳው ራሱ ርሷል፤ ይህ የአከራዩ ሥራ ነው። አከራይን ከመጠየቅ በፊት የራስን ድርሻ አውቆ መሄድ አፍን ይሞላል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ኪራይ ውል ነው። ተከራይ ኪራይ የመክፈልና ቤቱን በጥንቃቄ የመያዝ ግዴታ አለበት። አከራይ ደግሞ ቤቱን ለሚፈለገው አገልግሎት በሚመች ሁኔታ የማስረከብ፣ በኪራዩ ዘመንም አስፈላጊውን ጥገና እያደረገ የማቆየት ግዴታ አለበት። ዕለት ከዕለት በመገልገል የሚመጡ ጥቃቅን ጥገናዎች ወደ ተከራዩ ሊመጡ ይችላሉ። ጣሪያ፣ አሸንዳና መሠረት ግን ጥቃቅን አይደሉም።

አከራዩ ግዴታውን ባይፈጽምስ? በሕጉ ቁጥር 1771 መሠረት አንደኛው ወገን ውሉን ካልፈጸመ ሌላኛው ወገን እንዲፈጸምለት ወይም ውሉ እንዲሰረዝለት መጠየቅ፣ ጉዳት ደርሶበትም ከሆነ ኪሣራ መጠየቅ ይችላል። ቁጥር 1777 ደግሞ አንድ ሰው አደርጋለሁ ያለውን ሳያደርግ ሲቀር፣ ባለመብቱ በዚያው ሰው ወጪ ሥራውን እንዲያሠራ ሊፈቀድለት እንደሚችል ይናገራል። ልብ በሉ፤ «ሊፈቀድለት» ነው የሚለው። በገዛ ሥልጣናችሁ አሠርታችሁ ከኪራዩ ቆርጣችሁ ትከፍላላችሁ ማለት አይደለም።

ከሁሉም ቁልፉ ቁጥር 1772 ነው። «አልፈጸመልኝም» ብሎ ከመሟገት በፊት ለባለ ዕዳው ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። እኔ ሁለት ክረምት ሙሉ ቡና ላይ ያወራሁት ማስጠንቀቂያ ነው ብዬ ብከራከር ማን ይመሰክርልኛል? ጀበናው?

«ብናገር ያስወጡኛል» የሚለውን ፍርሃትም አውቀዋለሁ፤ እኔም ዝም ያልኩት ግማሹን በይሉኝታ፣ ግማሹን በዚህ ፍርሃት ነው። እዚህ ላይ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይረዳናል። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም። አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይፈቀድለትም። ኪራይ የሚጨመረውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። አከራይ ተናደደ ብሎ ተከራይን በውሉ ዘመን መካከል በዘፈቀደ ማስወጣት አይችልም። እኔም ውሌን በሰኔ 2016 ወረዳ ሄደን አስመዝግበን ነበር። ያን ጊዜ «የቢሮክራሲ ጣጣ» ብዬ ያማረርኩበት ወረቀት ነው በኋላ የልብ ልብ የሰጠኝ።

የቀበሌ ቤት ነዋሪዎችም ይህ ይመለከታችኋል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ ኪራያቸው ከመቶ ብር የማይበልጠው ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆነው ኖረዋል። ኪራዩ ትንሽ ነው ብላችሁ አትሸማቀቁ። ግን ያለ ፈቃድ ግድግዳ አፍርሳችሁ እንዳትሠሩ፤ መጀመሪያ ለወረዳው በጽሑፍ አመልክቱ።

የሁለት ሰዎች ደብዳቤ

በዚህ ጉዳይ የጻፉልኝ ሁለት አንባቢዎች አሉ። አንደኛው የኮንዶሚኒየም ተከራይ ነው። ከበላዩ ያለው ቤት ሽንት ቤት እያንጠባጠበ ኮርኒሱ ጠቁሯል። አከራዩ ዓረብ አገር ነች፤ በስልክ «ከላይኛው ጋር ተነጋገር» ትለዋለች። የላይኛው ደግሞ «አንተን አላውቅህም፣ ባለቤቷ ትምጣ» ይለዋል። ወንድሜ፣ አንተ የተዋዋልከው ከአከራይህ ጋር ነው። ከላይኛው ባለቤት ጋር መጨቃጨቅ የእርሷ ድርሻ ነው። እርሷ መምጣት ባትችል ወኪል ትወክል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የነዋሪዎች ማኅበር አላቸው፤ ጣሪያና የውጭ ግድግዳን የመሳሰሉት የጋራ ንብረት ስለሆኑ ችግሩ ከእነርሱ ከሆነ ማኅበሩንም አሳውቁ። ለአከራይህ የምትልከውን በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ መልእክት ላክ፤ ቀኑ ይመዘገባል።

ሁለተኛዋ አዲስ ሙሽራ ነች። ባሏ ቱግ ባይ ነው መሰል፣ «ጣሪያውን ካላደሱ ሳንቲም አልከፍልም!» ብሎ ለሦስት ወር ኪራይ አቆመ። አከራዩ «ኪራይ አልከፈሉም» ብለው አመለከቱ። እነርሱ ስለ ጣሪያው ማመልከታቸውን የሚያሳይ ቁራጭ ወረቀት አልነበራቸውም። ጥፋተኛ ሆነው ወጡ! የሚያፈሰው ጣሪያ ተረሳ፤ ያልተከፈለው ኪራይ ብቻ ቀረ። እናንተዬ፣ በንዴት ኪራይ አታቁሙ። በባንክ በኩል በወቅቱ ክፈሉ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ። የሚከፍል ተከራይ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚጠይቀው።

ወረቀቱ

እናላችሁ፣ ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ነበር ያልኩት፦

«ለተከበሩ እትዬ፦ በግቢዎ ውስጥ የተከራየሁት ክፍል በስተኋላ ያለው ግድግዳ ከሰኔ 2016 ጀምሮ በክረምት ርጥበት እያስገባ ሻግቷል። በቀን ነሐሴ 24 ከግንበኛ ጋር ስናየው አሸንዳው መገንጠሉንና አፈሩ ግድግዳውን መንካቱን አይተናል። አስም ያለባት እህቴ በነሐሴ አጋማሽ ታማ ሕክምና ተደርጎላታል። ስለዚህ አሸንዳው እንዲጠገን፣ አፈሩ እንዲነሳና ግድግዳው እንዲስተካከል እስከ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ እንዲያሠሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ግንበኛው ሲመጣ ክፍሉን ለመልቀቅና ዕቃ ለማንሳት ዝግጁ ነኝ። ከማክበር ሰላምታ ጋር።»

ሁለት ቅጂ አደረግኩት። አራት ፎቶግራፍ አያያዝኩ። ግንበኛው ጋሼ አብረውኝ ገብተው ሰጠናቸው፤ እኔ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ላይ መቀበላቸውን ፈረሙልኝ።

እትዬ አነበቡት። ፊታቸው ተለወጠ። «እኔን በወረቀት? ከሰስሽኝ ማለት ነው?» አሉኝ። «እትዬ፣ ክስ አይደለም። እንዳይረሳ ብዬ ነው» አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና ሲፈላ አልተጠራሁም። እንቁጣጣሽ መጣ። ባለፈው ዓመት ዶሮውን አብረን የበላን ሰዎች፣ ዘንድሮ እኔና እህቴ በራችንን ዘግተን ሽሮአችንን በላን። «ምን በወጣኝ! ቀለሙን ቀብቼ ዝም ብል ይሻል ነበር» ብዬ አለቀስኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ለበዓል እናቱን ሊጠይቅ የመጣው ትልቁ ልጃቸው ነው። ወረቀቷን በእጁ ይዟል። «ይሄ ነገር ሁለት ዓመቱ ነው? ለምን እስከዛሬ አልተነገረኝም?» አለኝ። ለካስ እትዬም ዝም ብለው ነው የኖሩት! ልጃቸውን «አሸንዳ አሠራልኝ» ብለው ማስቸገር ከብዷቸው። እኔ እርሳቸውን ፈርቼ፣ እርሳቸው ልጃቸውን ፈርተው፣ በመካከል ውኃው ግድግዳውን ይበላል። እኔ ቡና ላይ ያወራሁት ከጀበናው አላለፈም። ወረቀቱ ግን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ልጃቸው ጋ ደረሰ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ?

በሳምንቱ ሠራተኞች መጡ። አሸንዳው ተቀየረ፤ አፈሩ ተቆፍሮ ተነሳ፤ ቦይ ተበጀ። የሻገተው ልስን ተንዶ ግድግዳው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ፀሐይና ነፋስ ጠጣ፤ ከዚያ ነው እንደገና የተለሰነው። ጠቅላላ ወጪው ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? ከአንድ ወር ኪራዬ ያነሰ! ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው።

እስከዚያው ድረስ

አከራዩ እስኪያሠራ ድረስ እነዚህን አትርሱ።

ትንሽ ሻጋታ ከሆነ መስኮት ከፍታችሁ፣ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ በሳሙና ውኃ እጠቡት፤ አድርቁትም። አስም ያለበት ሰው አይንካው። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም ከሌላ ኬሚካል ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ግድግዳው ይድረቅልን ብላችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ! የከሰል ጭስ ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል። ከርጥበት ሸሽቶ ሞት ውስጥ መግባት ነው።

ርጥቡ ላይ ቀለም አትቀቡ። ፎቶ ሳታነሱም አትጠቡ፤ ማስረጃችሁን አብራችሁ ታጥቡታላችሁ። ሐኪም ቤት ከሄዳችሁ ወረቀቱን አስቀምጡ።

በጽሑፍ ጠይቃችሁ፣ ቀኑ አልፎ፣ መልስ ካላገኛችሁ ደግሞ ውላችሁን ወዳስመዘገባችሁበት ጽሕፈት ቤት ቅጂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በመካከል ሽማግሌ መላክም ነውር የለውም፤ አብዛኛው ነገር እዚያ ላይ ያልቃል። ካላለቀ ፍርድ ቤት አለ፤ ያን ጊዜ ግን የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

አዲስ ቤት ልትከራዩ ያላችሁ ደግሞ ከተቻለ በክረምት እዩ። በበጋ ከሆነ ቁም ሣጥኑን አስነሱ፤ ጥግ ጥጉን አሽትቱ፤ ከቤቱ ኋላ ዙሩና አሸንዳውን ቀና ብላችሁ እዩ። «ጣሪያ፣ አሸንዳና ግድግዳ የሚጠግነው አከራይ ነው» የሚል አንድ መስመር ውሉ ውስጥ አስገቡ። አንድ መስመር ናት፤ ግን ሁለት ክረምት ታድናለች።

እትዬስ? በመስቀል ማግሥት «ነይ፣ ቡናው ደርሷል» ብለው ላኩብኝ። ሲኒውን እያቀበሉኝ «ያቺ ወረቀትሽ አናዳኝ ነበር» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ «እኔም ለልጄ መንገር አቅቶኝ ነው እኮ» አሉኝ። ውላችን በሰኔ ሁለት ዓመቱ ነው፤ «እናድሰዋለን» ተባብለናል። እህቴ አስሟ አልለቀቃትም፤ እንዲያ ባለ ሌሊት ግን አልተነሳንም። ግድግዳው ዳነ አልዳነም የሚፈርደው መጪው ክረምት ነው። እኔ እንደሆንኩ ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ቁም ሣጥኑን ፈቀቅ አድርጌ አያለሁ፤ አንድ ነጠብጣብ ካየሁም ቀለም ፍለጋ ሳይሆን ወረቀት ፍለጋ ነው የምሄደው።

እናንተስ? የአልጋችሁን ኋላ መቼ ነው ያያችሁት? ያጋጠማችሁን ጻፉልኝ። ደረቅ ቤት፣ ጤናማ ትንፋሽ ይስጣችሁ። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቸር ይግጠመን!